ዓይን ሲደርቅ፦ ከጎጃም ተነስቶ ትክክለኛውን ሐኪም እስከማግኘት

እህቴ እታለም ሦስት ዓመት ሙሉ «ዓይኔን አሸዋ አሸዋ ይለኛል» እያለች ኖረች። ቤቷ ከብቸና ወጣ ብሎ ነው። ካቻምና በጥር ልጠይቃት ሄጄ፣ ከአልጋዋ ራስጌ አንድ ፌስታል አወረደችና መደቡ ላይ ዘረገፈችው። አሥራ አንድ የዓይን ጠብታ። የአንዳንዱ ክዳን ጠፍቷል። የአንዱ ጽሑፍ ከመነካካት ብዛት ተፍቋል። አራቱ ላይ ደክሳሜታሶን የሚል ስም አገኘሁ፤ ያለ ሐኪም ክትትል ሲቆይ ዓይን የሚጎዳ መድኃኒት ነው።

«ማን አዘዘልሽ?» አልኳት።

«ከመድኃኒት ቤት ነዋ። ሲብስብኝ እሄዳለሁ፤ ይሰጡኛል።»

«ዓይንሽን ገልብጦ ያየ ሰው አለ?»

ትንሽ አሰበች። «ኧረ ማንም ነክቶኝ አያውቅ» አለች።

ጠብታ በየመድኃኒት ቤቱ ሞልቷል። የሚጠፋው ዓይንን ገልብጦ አይቶ፣ እንባን ለክቶ፣ ድርቀቱ ከየት እንደመጣ የሚናገር ሰው ነው። ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ ያንን ሰው እንዴት እንደምታገኙት፣ ካገኛችሁት በኋላም ምን እንደምትጠይቁት፣ ከእታለም ጋር ስመላለስ የተማርኩትን በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

1. የማይጠብቀውን ለዩ

የዓይን ድርቀት ቀስ ብሎ የሚመጣ ሕመም ነው። ቀጠሮ ይጠብቃል። የሚከተሉት ግን አይጠብቁም፦ ዕይታ በድንገት ከቀነሰ፣ አንድ ዓይን በጣም ካመመና ብርሃን ማየት ካቃተው፣ ጥቁሩ የዓይን ክፍል ላይ ነጭ ነጥብ ከታየ፣ እሾህ ወይም እንጨት ከወጋው፣ በአውድማ ላይ እብቅ ገብቶ ሕመሙ ካልተወ። እነዚህ ካሉ የዚህን ጽሑፍ ቀሪ ክፍል ተዉትና ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ። ኖራ ወይም የተባይ መድኃኒት ከገባ ደግሞ ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት እዚያው በንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳታቋርጡ እጠቡት። ጉዞው ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ውጭ ከሆነ ምልክቶቹን አስተውሉ። ያቃጥላል፣ ይቆረቁራል፣ ይከብዳል። ስታነቡ ፊደሉ ይደበዝዝና ዓይናችሁን አርገብገብ ስታደርጉት መልሶ ይጠራል። በንፋስና በጭስ ይብሳል።

ብዙ ሰው ደግሞ «የእኔ ዓይን ሁልጊዜ ያለቅሳል፤ እንዴት ደረቀ ይባላል?» ይላል። ጥያቄው ትክክል ነው። ዓይናችን ላይ ያለው እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከሥር ንፍጥ መሰል ስስ ነገር አለ፤ ውኃውን ከዓይን ጋር ያጣብቀዋል። መሐል ላይ ውኃው አለ። ከላይ ዘይት አለ። ዘይቱ የሚመነጨው በዓይን ቆባችን ጠርዝ ላይ ከተደረደሩ ጥቃቅን ዕጢዎች ነው። ቅቤ የሰፈፈበት ወጥ ቶሎ እንደማይደርቅ ሁሉ፣ ዘይት ያለው እንባም ቶሎ አይተንም። ዘይቱ ሲጎድል እንባው ይተናል፣ ዓይኑ ይቆጣል፣ ከዚያ በድንጋጤ ብዙ ውኃ ያፈሳል። ያ ውኃ ጉንጭ ላይ ወርዶ ያልቃል እንጂ ዓይኑን አያረጥብም። ስለዚህ የሚያለቅስ ዓይን ደረቅ ሊሆን ይችላል።

2. ሁለት ሳምንት በደብተር ያዙ

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ሐኪሙ ጋ የምታገኙት ጊዜ አጭር ነው። እዚያ ገብታችሁ «ኧረ ዶክተር፣ በጣም ነው የሚያመኝ» ብቻ ካላችሁ ጊዜው ያልቃል።

እታለም ማንበብ አታነብም። ልጇ በትምህርት ቤት ደብተሩ ጀርባ ላይ እየጻፈላት ያዘች። አንዱን ገጽ አሁንም አስታውሰዋለሁ፦ «ሰኞ። ጠዋት ስትነሳ ተጣብቆ ነበር። ማክሰኞ። እንጀራ ጋግራ ዓይኗን መክፈት አቃታት። ረቡዕ። ገበያ ውላ መጣች፣ ንፋስ ነበር፣ ሌሊቱን አልተኛችም። ሐሙስ። ደህና ዋለች።»

ይኼ ለሐኪም ብዙ ይናገራል። ጠዋት የሚብስ ከሆነ የቆቡ ዘይት ዕጢ ወይም ዓይን ገርበብ ብሎ መተኛት ይጠረጠራል። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ የሚብስ ከሆነ እንባ ማነስ ወይም ስክሪን ላይ ማፍጠጥ። ገርበብ ብሎ የመተኛቱን ነገር ራሳችሁ ልታውቁት አትችሉም። ቤተሰብ ሌሊት በስልክ መብራት ቀስ ብሎ ይይላችሁ። ትንሽም ነጭ ከታየ ጻፉት።

ከዚያ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስቡ። የዓይኑን ብቻ አይደለም። ለአለርጂ የሚዋጡት ሴትሪዚንና ክሎርፌኒራሚን ዓይን ያደርቃሉ። ለእንቅልፍና ለሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንም አሉበት። የግላኮማ፣ ማለትም የዓይን ግፊት ሕመም፣ ጠብታ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ጠብታው ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል ራሱ ዓይኑን ሊያደርቀው ይችላል። ግን በራሳችሁ አንዱንም አታቋርጡ። የደም ግፊትና ግላኮማ ቀልድ አያውቁም። ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ይወስን።

እግረ መንገዳችሁን እነዚህንም ጻፉ፦ አፍ ይደርቃል? ደረቅ ቆሎ ያለ ውኃ መዋጥ ያስቸግራል? ጠዋት የጣት መገጣጠሚያ ይይዛል? ስኳር፣ እንቅርት አለ? ለምን እንደሆነ ኋላ እመጣበታለሁ።

3. ከቅርቡ ጤና ጣቢያ ጀምሩ

«ጤና ጣቢያ ምን ያውቃል፣ ቀጥታ ባሕር ዳር ልሂድ» የሚል ብዙ ነው። ሁለት ምክንያት ልስጣችሁ።

አንደኛው ገንዘብ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ፣ ወደ ላይኛው ሆስፒታል ስትሄዱ የሪፈር ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት የመድኅን መታወቂያችሁ የዘንድሮው መታደሱን እዩ። እኛ ይህን ረስተን አንድ ቀን ሙሉ ተንከራተናል።

ሁለተኛው ትራኮማ ነው። ይህ ለእኛ አገር ሰው ዋናው ነገር ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

ትራኮማ፣ አባቶቻችን የዓይን ማዝ የሚሉት፣ በልጅነት ደጋግሞ ሲይዝ በቆቡ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው የእንባ ምንጮቹን ይጎዳል፣ የዘይት ዕጢዎቹን ያበላሻል፣ ሲብስ ቆቡን ወደ ውስጥ አጥፎ የዓይን ፀጉር ብሌኑን እንዲፈገፍግ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ከመቶ 60 በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ አዋቂ ሆነዋል። እናቶቻቸውማ ከእነሱ በፊት ይዟቸዋል። ስለዚህ በአውሮፓ የተጻፈ የዓይን ድርቀት ምክር ስለ ኮምፒውተር ቢጀምር፣ የእኛ ከቆብ ጠባሳ መጀመር አለበት።

የታጠፈ የዓይን ፀጉር ለማየት ትልቅ ማሽን አያስፈልግም። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ አላቸው፣ ቀዶ ጥገናውንም እዚያው ይሠራሉ። ስትገቡ እንዲህ በሉ፦ «ሲስተር፣ እባክሽ ቆቡን ገልብጠሽ እዪልኝ። ፀጉር የሚፈገፍገኝ ከሆነ ልወቀው።» ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነውር የለውም። የተጠየቀ ባለሙያም አይከፋም።

ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀላችሁ የምትኖሩ ካላችሁ፣ ተመልሶ ሲበቅል አጭርና ሸካራ ሆኖ እንደሚወጋ ታውቁታላችሁ። ለባለሙያው ደብቃችሁ አትሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊትም አትንቀሉት፤ ካልታየ ችግር የለም ተብላችሁ ትመለሳላችሁ።

ልጅ ከሆነ ታማሚው አንድ ነገር ጨምሩ። ሲመሽ ማየት የሚያቅተው፣ ዳፍንት ያለበት፣ ዓይኑ የደበዘዘና የደረቀ ሕፃን የቫይታሚን ኤ እጥረት ሊኖርበት ይችላል። ይኼ ዓይን ያጠፋል። በተለይ ኩፍኝ ይዞት ከነበረ አትዘግዩ። ጤና ጣቢያው ቫይታሚኑን ይሰጣል።

4. ማን ምን ይሠራል?

የዓይን ነርስ ተራ ሕመሞችን ያክማል፣ ለይቶ ይልካል። ኦፕቶሜትሪስት ዕይታ ይለካል፣ መነጽር ያዛል፣ የእንባ ምርመራም ያውቃል። ለድርቀት መጀመሪያ እሱ ቢያያችሁ ክፉ አይደለም። የዓይን ስፔሻሊስት ሐኪም ማለት ደግሞ ከሕክምና ዶክትሬት በኋላ ዓይን ብቻ የተማረው ነው። ከእነሱም ውስጥ በኮርኒያ ላይ፣ ማለትም በዓይን ፊት ባለው ጥርት ያለ ሽፋን ላይ፣ ጨምሮ የተማረ አለ። ከባድ ድርቀት የእሱ ጉዳይ ነው። መነጽር ቤት ሄዶ «ታየሁ» ማለት ግን ሐኪም ማየት አይደለም።

5. ወዴት?

የምሥራቅ ጎጃም ሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይቀርበዋል። የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ሰው ወደ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ ዓይን ሐኪሞችንም ኦፕቶሜትሪስቶችንም የሚያሠለጥን ማዕከል አለው። ዓባይን ለሚሻገር ደግሞ ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት የሚሰጥበት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር በስልክ ወይም በሰው አጣሩ። የዓይን ስፔሻሊስቱ ተመላላሽ የሚያየው በየትኛው ቀን ነው? የእንባ መለኪያ ወረቀት አላቸው? መንገዱስ ክፍት ነው? የመጨረሻውን አትናቁ። መናኸሪያ የምታውቁት ሹፌር ካለ፣ ማታ ደውላችሁ ጠይቁት።

በየወረዳው በዘመቻ የሚመጡ የዓይን ሐኪሞች አሉ። በረከት ናቸው። ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ለዓይን ሞራና ለታጠፈ ፀጉር ነው። ቀን ሙሉ ተሰልፋችሁ «ሞራ የለብሽም፣ ደህና ነሽ» ብትባሉ፣ ሞራ የለም ማለት እንጂ ድርቀት የለም ማለት እንዳልሆነ እወቁ።

ለጉዞው፦ ካርድ ክፍል ወረፋ ስለሚበዛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ድረሱ። መኪና ውስጥ መስኮት አጠገብ አትቀመጡ፤ ንፋሱ ከመድረሳችሁ በፊት ዓይናችሁን ያቀላዋል። ብቻችሁን አትሂዱ። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ካደረጉላችሁ ለሰዓታት ዕይታ ይደበዝዛል።

6. ምርመራ ክፍል ውስጥ

ዋናው ቦታ ይህ ነው። ጥሩ ሐኪም ያገኛችሁ መሆኑን የምታውቁት እዚህ ነው።

እታለምን ሐኪሟ አገጯን መሣሪያው ላይ አስደገፈቻት። እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ምንም ጠብታ ሳታደርግ የቆቧን ጠርዝ በጣት ጫን አደረገችው። ከዕጢዎቹ የሚወጣው እንደ ዘይት ጥርት ማለት ነበረበት። የወጣው ግን እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍራምና ነጭ ነው። ከዚያ ብርቱካናማ ቀለም ያለው ወረቀት አርጥባ ዓይኗን ነካ አደረገችና ሰማያዊ መብራት አበራች። እንባው አረንጓዴ ሆኖ ታየ። «አርገብግቢና ሳትጨፍኚ ቆዪ» አለቻትና ትቆጥር ጀመር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት…» አራት ላይ አቆመች። አረንጓዴው ሽፋን ተቀዷል። ከ10 ሰከንድ በታች ከተቀደደ እንባው አልረጋም ማለት ነው።

ቀጥሎ ሁለት ቀጫጭን ወረቀቶች አወጣች። የሺርመር ምርመራ ይባላል። ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የጀርመናዊው ሐኪም የኦቶ ሺርመር ሥራ ነው። ወረቀቱ ጫፉ ታጥፎ በታችኛው ቆብ ላይ፣ ወደ ጆሮ በኩል ይንጠለጠላል። 5 ደቂቃ ይቆያል። እንባው ወረቀቱን እያራሰ ይወርዳል። እታለም ሁለት ወረቀት ከዓይኖቿ ተንጠልጥሎ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ቤተ ክርስቲያን እንደቆመ ሰው ጸጥ ብላ ጠበቀች። ቀኙ 4 ሚሊ ሜትር፣ ግራው 6። ከ10 በታች ያጠራጥራል፤ 5 እና ከዚያ በታች ከሆነ እንባው በጣም አንሷል።

በመጨረሻ የላይኛውን ቆብ በጥጥ እንጨት ገለበጠችው። ነጭ መስመር መስመር ያለ ጠባሳ። ሁለት ፀጉርም ወደ ውስጥ ታጥፎ። «እህትህ ሁለቱም አለባት» አለችኝ። «እንባዋም አንሷል፣ ዘይቷም ተበላሽቷል። ከሥሩ ግን ይኼ ማዝ ነው።»

ሦስት ዓመትና አሥራ አንድ ጠርሙስ። ምርመራው ሩብ ሰዓት ገደማ ነው የፈጀው። ውድ ማሽንም አልጠየቀም። ወረቀት፣ ቀለም፣ የጥጥ እንጨትና የምታይ ሐኪም።

እናንተም ስትገቡ እነዚህን ጠይቁ፦ «ድርቀቴ የእንባ ማነስ ነው ወይስ የዘይት?» «ቆቤ ውስጥ ጠባሳ ወይም የታጠፈ ፀጉር አለ?» «ኮርኒያዬ ተጎድቷል?» «አለርጂስ ሊሆን ይችላል?» መልሱን ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ለምኑ፤ የወረቀቱን ሚሊ ሜትርና የቆጠሩትን ሰከንድ ጭምር። በሚቀጥለው ቀጠሮ መሻላችሁን የምታውቁት ከዚያ ቁጥር ጋር አወዳድራችሁ ነው።

ሐኪሙ በመብራት ሳያያችሁ፣ ሳይነካችሁ ጠብታ ጽፎ ከሰጣችሁ፣ በትሕትና «ዶክተር፣ የእንባ ምርመራ ይሠራልኛል?» በሉ። መሣሪያው የለም ከተባላችሁ ወዳለበት ሪፈር ጠይቁ። ሪፈር መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ሐኪሙን መስደብም አይደለም።

7. ዓይን ብቻውን ላይሆን ይችላል

አፍም ዓይንም አብሮ ከደረቀ፣ ቁርጥማትም ካለ፣ ሾግረን የሚባል በሽታ ሊኖር ይችላል። ስዊድናዊው የዓይን ሐኪም ሄንሪክ ሾግረን በ1933 እ.ኤ.አ. በሰፊው የገለጸው ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢ ያጠቃል። በሴቶች ላይ ይበዛል። የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የታይሮይድ ችግርና ስኳርም ዓይን ያደርቃሉ። እንዲህ ከሆነ ወደ ውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት መላክ አለባችሁ። በደብተራችሁ ስለ ቆሎና ስለ ጣት ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው።

8. የታዘዘውን መረዳት

ሰው ሠራሽ እንባ የመጀመሪያው ነው። ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ ወይም ሃይፕሮሜሎስ የሚል ስም ታያላችሁ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምታደርጉ ከሆነ፣ ማቆያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ። ማቆያው ሲደጋገም ራሱ ዓይን ይጎዳል። ማታ ስትተኙ ቅባት። ቅባት ዕይታ ያደበዝዛል፤ ስለዚህ መኝታ ላይ ብቻ።

ዘይቱ ለተበላሸ ሙቅ ጨርቅ ዋናው መድኃኒት ነው። ንጹሕ ጨርቅ ፈልቶ በበረደ፣ የእጅ አንጓ በሚችለው ሙቅ ውኃ ንከሩ። ዓይን ጨፍናችሁ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያዙበት። ጨርቁ ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ በየደቂቃው እየነከራችሁ። ከዚያ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ በጣት ቀስ ብላችሁ እሹት። በየቀኑ። ሦስት ቀን ሠርቶ «አልሠራልኝም» ማለት አይሆንም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ጨርቁ የአንድ ሰው ብቻ ይሁን። በጋራ ፎጣ ትራኮማ ይተላለፋል።

ለዚሁ ችግር ዶክሲሳይክሊን ወይም አዚትሮማይሲን የሚዋጥ ሊታዘዝ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ልትሆኑ ከቻላችሁ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ሳይክሎስፖሪን ጠብታ ከታዘዘ ደግሞ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ውጤቱም ወራት ይወስዳል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ቀጣዩን ጠርሙስ ከየት እንደምታገኙ እወቁ። ከባድ ለሆነ ድርቀት የእንባ መውረጃ ቀዳዳዋን የሚደፍን ትንሽ ውታፍ አለ፤ ያለው እንባ እንዳይፈስ ያቆየዋል።

የዓሣ ዘይት እንክብል ግዙ የሚል ሰው ብዙ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ የዓሣ ዘይት የወሰዱት የወይራ ዘይት ከወሰዱት እንዳልተሻሉ አሳይቷል። ገንዘባችሁን ለሰው ሠራሽ እንባው አድርጉት።

አሁን ስለ ደክሳሜታሶን። ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለአጭር ጊዜ፣ እየተከታተለ ሲሰጠው ይጠቅማል። ቅላቱን በሁለት ቀን ያጠፋል፤ ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። ያለ ክትትል ሲቆይ ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ግላኮማና ሞራ ያመጣል፣ ቁስል ካለ ያባብሳል። ግላኮማ የወሰደው ዕይታ አይመለስም። የእታለም የዓይን ግፊት ተለክቶ ደህና ሲባል በረንዳ ወጥቼ አለቀስኩ። ስለዚህ ጠብታ በተሰጣችሁ ቁጥር «ስቴሮይድ አለው? ስንት ቀን ነው? መቼ ነው የማቆመው?» በሉ።

አደራረጉም ይታወቅ። እጅ ይታጠባል። ወደ ላይ አይታችሁ የታችኛውን ቆብ ሳብ አድርጉ። አንድ ጠብታ ይበቃል። የጠርሙሱ አፍ ዓይንም ጣትም አይንካ። ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን በሉት። ሁለት ጠብታ ካለ በመሐሉ 5 ደቂቃ ቆዩ፤ ቅባት መጨረሻ። የተከፈተ ጠርሙስ በአብዛኛው ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል። የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት።

የጡት ወተት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ ማር ዓይን ውስጥ አታድርጉ። ጸበል ለምትሄዱ፦ ሂዱ፣ ተጠመቁ፣ ግን ጠብታውን አታቋርጡ። ቁስል አለ የተባለ ዓይን ላይ ውኃ በኃይል እንዳይረጭ ብቻ ለአጥማቂው አባት ቀድማችሁ ንገሯቸው። እታለም ነግራቸዋለች። «እግዜር ሐኪሙንም ፈጥሯል» ብለው በእጃቸው ቀስ አድርገው ግንባሯን አበሱላት።

9. ቤት ውስጥ

ጭሱ ነው ትልቁ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃና የጭስ መውጫ ከተቻለ፣ ካልተቻለ ደግሞ ምጣዱን በር ወዳለበት ወገን ማዞር። እርጥብ እንጨትና ኩበት ጭሳቸው ይከፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጤፍ ሲወቃና ሲመረት ንፋሱን ጀርባ ሰጥታችሁ ቁሙ፣ በጎን የተሸፈነ መነጽር ካለ አድርጉ። ከጮቄ የሚወርደው የበጋ ንፋስ ለደረቅ ዓይን አይምርም። ከተማ ያላችሁ ደግሞ ስልክ ስታዩ ዓይናችሁ ማርገብገብ እንደሚቀንስ እወቁ። በየ20 ደቂቃው ራቅ ያለ ነገር እያያችሁ ሙሉ በሙሉ ጨፈን፣ ከፈት አድርጉ።

10. ቀጠሮውን አትዝለሉ

ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ መታየት አለባችሁ። ትንሽ ሲሻል የሚቀር ሰው ብዙ ነው። ሲቀር ያው ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመለሳል። ስትሄዱ የድሮ ካርድ፣ የጠርሙሶቹ ካርቶን፣ ደብተሩና ደረሰኞቹ ይኑሩ። ከውጭ የገዛችሁትን መድኃኒት ደረሰኝ ይዛችሁ የወረዳችሁን የጤና መድኅን ክፍል ጠይቁ። በትክክል ሦስት ወር ተጠቅማችሁ ቁጥሩም ስሜቱም ካልተለወጠ፣ ወደ ኮርኒያ ስፔሻሊስት መላክን ጠይቁ።

የእታለም ሁለቱ ፀጉሮች ተስተካክለዋል። ድርቀቱ አልጠፋም፤ ሐኪሟም ይጠፋል አላለቻትም። ባለፈው ስትለካ ቀኙ 7 ሆኗል፣ ቆጠራውም ሰባት ላይ ደርሷል። ጋግራ ስትወጣ ዓይኗን ትከፍታለች። ከራስጌዋ ያለው አሁን ሁለት ነገር ነው፤ የቀን ጠብታና የማታ ቅባት። ቀጣዩ ቀጠሮ ግንቦት 12 ነው። ልጇ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈሯን ሊያሳድስላት፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፎ አስምሮበታል።